ስለ ንግድ ምልክትና ስለ ክፉ ልቡና

ገበሬዎች ሆይ፤

ማር አጣርቶ ለገበያ የሚያቀርብ ሰው በዕቃው ላይ ስም ይጽፋል ወይም ሥዕል ይለጥፋል። ገዢውም ማሩን ቀምሶ ከወደደው በሚቀጥለው ጊዜ የሚጠይቀው በዚያው ስም ነው። ይህ በሕግ «የንግድ ምልክት» ይባላል።

በአገራችን በዐዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የምልክት ባለቤትነት የሚገኘው በማስመዝገብ ነው፤ ዘመኑም 7 ዓመት ሲሆን ይታደሳል። እንግዲህ ማራችሁን ለዓመታት ሲረከብ የኖረ ነጋዴ፣ ስሙ መታወቁን አይቶ ቀድሞ በራሱ ስም ቢያስመዘግበውና እናንተኑ «በስሜ አትሽጡ» ቢላችሁስ? በብዙ አገር ሕግ ይህን የመሰለ ምዝገባ «በክፉ ልቡና የተደረገ» ተብሎ ሊሰረዝ ይችላል።

ችግሩ ልብን ማየት አለመቻሉ ነው። እኔ የሰብል እንጂ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን አንድ የታወቀ ክርክር ነገሩን ግልጽ አድርጎልኛል። ሊንት የተባለው የስዊስ ኩባንያ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው) በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለለ፣ የተቀመጠች ጥንቸል የመሰለ ቸኮሌት ለፋሲካ ይሸጥ ነበር። ሐውስቪርት የተባለው የኦስትሪያ ኩባንያም ከ1962 ጀምሮ ተመሳሳይ ጥንቸል ይሸጥ ነበር። ሊንት ምልክቱን ለማስመዝገብ በ2000 አመለከተና ካስመዘገበ በኋላ ሐውስቪርትን ከሰሰ። ሐውስቪርትም «መኖሬን እያወቀ እኔን ለማስወጣት ነው ያስመዘገበው» ሲል ተከራከረ።

የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2009 እንዲህ ሲል መለሰ። የሚመረመረው ማመልከቻው በቀረበበት ቀን የነበረው ሐሳብ ነው። ሌላው ሰው በምልክቱ እንደሚጠቀም ማወቅ ብቻውን ክፉ ልቡናን አያስረዳም፤ ዳኛው አመልካቹ ያንን ሰው ከገበያ ለማስወጣት አስቦ እንደ ሆነ፣ የሁለቱም ምልክቶች በሕግ የተጠበቁት ምን ያህል እንደ ሆነ፣ ሌላውንም ሁኔታ አንድ ላይ ማየት አለበት። ምልክቱን አዲስ መጥቶ ከሚቀዳበት ሰው ለመከላከል ያስመዘገበ ቅን ዓላማ ሊኖረው ይችላልና።

ፍጻሜው እንዴት ሆነ? በ2012 የኦስትሪያ ፍርድ ቤት ለሊንት ፈረደ። ሐውስቪርት ከ1962 ጀምሮ ሲሸጥ ቈይቶ ሳለ ተረታ። እንዲህ ያለው ኩባንያ ጠበቃ ቀጥሮ ካልሆነለት፣ ደረሰኝ እንኳ የሌለው ገበሬ ምን ይዞ ይቀርባል?

ስለዚህ ስማችሁ ገበያ ላይ መጠራት እንደ ጀመረ፣ በማኅበርም ሆነ በግል፣ ወደ ኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማመልከቻ አቅርቡ። እስከዚያው ስሙ የታተመበትን የመጀመሪያ ወረቀት፣ ቀን ያለበትን የሽያጭ ደረሰኝና ከነጋዴው ጋር የተዋዋላችሁበትን ጽሑፍ በአንድ ሳጥን አኑሩ፤ ከጢስና ከምስጥም ጠብቁት። ከነጋዴ ጋር ስትዋዋሉ «ስሙ የሻጩ ነው» የሚል አንድ መስመር ይግባበት፤ ነጋዴው ይፈርም፣ እማኞችም ይፈርሙበት። ይህ ጽሑፍ በኋላ ክርክር ቢነሣ ነጋዴው ባመለከተበት ቀን የስሙን ባለቤት ያውቅ እንደ ነበር ያስረዳላችኋል።