ጡንቻ ኃይሉን ከየት ያመጣል?



ካርቱም ቡሪ ሠፈር የኖራችሁ በጥቁር ዓባይ ዳር የነበረውን የመብራት ኃይል ማመንጫ ሳታስታውሱት አትቀሩም። በእንፋሎት የሚሠራ ማመንጫ ነዳጅ ያቃጥላል፣ ውኃ ያፈላል፣ እንፋሎቱም ተርባይን ያዞራል። እዚያው ከተማ ሲሚንቶ የሚሸከመው የቀን ሠራተኛስ? እሱም ነዳጅ አለው፤ ነዳጁ የበላው ምግብ ነው። ነገር ግን ሰውነቱ ውስጥ የሚፈላ ውኃ የለም። የሕዋስ ሞተር የሚሠራው በሙቀት ሳይሆን በኬሚካል ነው።

እንዴት? በጡንቻ ሕዋስ ውስጥ ሁለት ዓይነት የፕሮቲን ክሮች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ቀጭኑ አክቲን፣ ወፍራሙ ማዮሲን ይባላል። ማዮሲን ብዙ ትናንሽ ራሶች አሉት። ከነርቭ ትእዛዝ ሲመጣ ካልሲየም ይለቀቃል። ያኔ ራሶቹ አክቲኑን ይይዙታል፣ ይስቡታል፣ ይለቁታል፣ ፈቀቅ ብለው ደግሞ ይይዙታል፤ ልክ ባልዲ ከጉድጓድ በገመድ እንደሚያወጣ ሰው። አንዱ ስበት ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶ ሺኛ ገደማ ነው። እጅግ ብዙ ራሶች ሲተባበሩ ግን ጆንያ ይነሣል።

ክሮቹ ይንሸራተታሉ እንጂ ራሳቸው አያጥሩም። ይህንን እ.ኤ.አ. በ1954 አንድሪው ሃክስሌና ሮልፍ ኒደርገርኬ በአንድ ወገን፣ ሂዩ ሃክስሌና ጂን ሃንሰን በሌላ ወገን አሳትመዋል።

ለዚህ ሁሉ ጉልበቱን የሚሰጠው ከምግብ የሚሠራው ኤቲፒ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ኤቲፒ የሚያስፈልገው ለመሳብ ብቻ አይደለም፤ ለመልቀቅም ነው። አዲስ ኤቲፒ ካልደረሰ ራሱ አክቲኑን እንደ ያዘ ይቀራል። ሰው ከሞተ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሬሳው የሚደርቀው፣ ቶሎ ካልተገነዘም እጅ እግሩን ማስተካከል የሚያስቸግረው ለዚህ ነው።

ታዲያ ይህ ሞተርም ብክነት አለው። ጡንቻ ከምግብ ካገኘው ጉልበት ወደ ሥራ የሚለውጠው ቢበዛ ሩብ ያህሉን ነው፤ የቀረው ሙቀት ይሆናል። አየሩ 40 ዲግሪ ሲያልፍ ይህንን ሙቀት የሚያወጣልን ላብ ብቻ ነው፤ ላብ ደግሞ ያለ ውኃ አይሆንም። ስለዚህ በፀሐይ ሲሠራ የዋለ ሰው ቢያዞረው ስንፍና አይደለም፤ ጥላ ሥር አሳርፉት፣ ውኃ ስጡት። መቀባጠር ከጀመረ ወይም ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አትስጡት፤ ገላውን በውኃ እያራሳችሁ፣ እያራገባችሁ፣ ቶሎ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

መምህራን፣ በክፍል ውስጥ ይህን ሞክሩ፦ ተማሪዎች የሁለት እጃቸውን ጣቶች ጫፍ ለጫፍ ያገናኙ፣ ከዚያም አንዱን በሌላው መካከል ያንሸራቱ። ጣቶቹ አላጠሩም፤ እጆቹ ግን ተቀራርበዋል። ጡንቻም እንዲሁ ነው።