ህመምን የሚያስረሳው መነጽር

ከጤናና ቴክኖሎጂ ዓምድ

በዚህ እትም ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ ህመም ነው። ህመም ስላልኩ ግን ገጹን አትግለጡት! የማወራችሁ ህመምን ስለሚቀንስ ነገር ነው። ክኒን አይደለም፣ መርፌም አይደለም። መነጽር ነው።

«መነጽር እንዴት አድርጎ ህመም ይቀንሳል?» ትሉ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ ስሰማ ሳቄ መጥቶ ነበር። ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። ሆስፒታል ውስጥ ተሞክሮ፣ ተለክቶ የታየ ነው። ከመጀመሪያው ላስረዳችሁ።

1. ምን ዓይነት መነጽር ነው?

ስሙ ቨርቹዋል ሪያሊቲ ይባላል። በአማርኛ «ምናባዊ እውነታ» ይሉታል። እውነት የሚመስል ግን እውነት ያልሆነ ዓለም ማለት ነው። መነጽሩ ትልቅ ነው፤ ዓይንን ጥርቅም አድርጎ ይሸፍናል። ውስጡ ለቀኝ ዓይን አንድ፣ ለግራ ዓይን አንድ ምስል ያሳያል። ሁለቱ ምስሎች ትንሽ ይለያያሉ።

ለምን ይለያያሉ? አሁኑኑ ሞክሩት። አንድ ጣታችሁን አፍንጫችሁ ፊት ለፊት አቁሙና አንዴ ቀኝ፣ አንዴ ግራ ዓይናችሁን ጨፍኑ። ጣታችሁ ወዲህና ወዲያ የዘለለ ይመስላል አይደል? ሁለቱ ዓይኖቻችን የሚያዩት ትንሽ የተለያየ ስለሆነ ነው። አንጎላችን ሁለቱን አጋጥሞ ቅርቡንና ሩቁን ይለያል። መነጽሩም በዚሁ መንገድ አንጎልን ያታልለዋል። በዚያ ላይ ጭንቅላታችሁን ስታዞሩ ምስሉም አብሮ ይዞራል። ወደ ላይ ካያችሁ ሰማይ፣ ወደ ታች ካያችሁ መሬት። ስለዚህ ቴሌቪዥን እንደማየት አይደለም፤ ውስጡ የገባችሁ ነው የሚመስላችሁ።

2. ለህመም የተሞከረው የት ነው?

አሜሪካ አገር፣ ሲያትል በምትባል ከተማ ነው። እዚያ ሃርበርቪው የሚባል ሆስፒታል አለ፤ በእሳት የተቃጠሉ ሰዎች የሚታከሙበት ክፍል አለው። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የሆኑት ሀንተር ሆፍማን እና ዴቪድ ፓተርሰን ሥራውን አብረው የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1996 ነው።

ለምን ከተቃጠሉ ሰዎች ጀመሩ? የቃጠሎ ክፋቱ የተቃጠሉ ዕለት ብቻ አለማመሙ ነው። ቁስሉ በየጊዜው ይታጠባል፣ የሞተው ቆዳ ይነሳል፣ ፋሻው ይቀየራል። ጠባሳው እጅና እግርን አጨማዶ እንዳያስቀር ደግሞ መገጣጠሚያው ይዘረጋል። ጠንካራ የህመም ማስታገሻ እየተሰጣቸው እንኳን ቁስሉ ሲነካ በጣም ይሰቃያሉ። የሚገርመው በሽተኛው ነገም እንደሚያመው ዛሬ ያውቀዋል። ፍርሃቱ ራሱ ሌላ ህመም ነው።

መጀመሪያ ላይ የተጠቀሙት ሸረሪት ለሚፈሩ ሰዎች ተብሎ የተሠራ ምናባዊ ዓለም ነበር። በኋላ ግን ለተቃጠሉ ሰዎች ብለው አዲስ ሠሩ። ስሙ «ስኖው ወርልድ» ነው፤ የበረዶ ዓለም ማለት ነው። በሽተኛው በበረዶ ገደል መሀል በቀስታ እየተንሳፈፈ ይሄዳል። በግራና በቀኝ ፔንግዊኖችና ከበረዶ የተሠሩ ሰዎች አሉ። እሱ የበረዶ ኳስ ይወረውርባቸዋል። በረዶ የመረጡት እሳትን ጨርሶ እንዳያስታውስ ነው።

እኛ የባሌ ልጆች ይሄን ማሰብ አይከብደንም። ሳኔቲ ከ4000 ሜትር በላይ ነው፣ የቱሉ ዲምቱ ተራራ ደግሞ 4377 ሜትር ይደርሳል። እዚያ በጠዋት የሄደ ሰው ሣሩ ሁሉ በአመዳይ ነጭ ሆኖ ያያል። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። የእነሱ ስኖው ወርልድ በኮምፒውተር የተሠራ ሳኔቲ ነው ብላችሁ ያዙት።

እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት የመጀመሪያ ጥናት ስለ ሁለት ልጆች ነበር፤ አንዱ 16፣ አንዱ 17 ዓመቱ ነው። ሁለቱም ቁስላቸው ሲታከም አንዳንድ ጊዜ ተራ የቪዲዮ ጌም ተጫወቱ፣ አንዳንድ ጊዜ መነጽሩን አጠለቁ። መነጽሩን ሲያጠልቁ ህመሙ በጣም እንደቀነሰላቸው ተናገሩ። ተራው ጌም ያን ያህል አልረዳቸውም፤ ምክንያቱም ከስክሪኑ ጎን ቁስላቸውና ነርሱ ይታያቸዋል።

3. ግን እንዴት ይሠራል?

እጃችንን እሳት ሲነካው ነርቮች መልእክት ይይዛሉ። መልእክቱ በአከርካሪ አጥንት ውስጥ ባለው ኅብለ ሰረሰር አድርጎ አንጎል ይደርሳል። «አመመኝ» የምንለው አንጎል ሲቀበለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የሚባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች በዚህ መንገድ ላይ እንደ በር ያለ ነገር አለ አሉ። በሩ ሰፋ ሲል ብዙ ህመም ያልፋል፣ ጠበብ ሲል ጥቂት። የምናስበውና የምንፈራው ነገርም በሩን ያሰፋዋል ወይም ያጠበዋል።

ሁለተኛው ምክንያት አንጎል ሁሉንም ነገር እኩል ልብ ሊል አለመቻሉ ነው። ይሄን እናንተም ታውቁታላችሁ። ኳስ ስትጫወቱ ጉልበታችሁ ተልጦ ደም ይፈስሳል፣ አታውቁትም። ጨዋታው ሲያልቅና ስታዩት ማቃጠል ይጀምራል። ቁስሉ የዚያኑ ያህል ነበር፤ ልባችሁ ግን ኳሱ ላይ ነበር። ወጌሻም ቢሆን የተሰበረ እጅ ሲይዝ ወሬ ያወራል፣ «የማን ልጅ ነህ?» ይላል። ስትመልሱለት ሳት ያደርግና ይጎትተዋል። ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን ለዚያራ በእግር የሚጓዙ ሰዎችም እያዜሙ ነው የሚሄዱት። ዜማው ለዱዓቸው ነው፣ ግን የመንገዱንም ድካም ያስረሳል ይላሉ።

«እሱማ ማስመሰል ነው፣ ህመሙ እዚያው ነው» የሚል ሰው ካለ ይሄን ይስማ። እ.ኤ.አ. በ2004 እነ ሆፍማን ጤነኛ ፈቃደኞችን ኤምአርአይ ማሽን ውስጥ አስተኝተው እግራቸውን የሚያቃጥል ግን የማይጎዳ ሙቀት አስነኩ። ስኖው ወርልድን ሲያዩ፣ ህመም የሚሰማባቸው አምስት የአንጎል ክፍሎች ሥራ ከ50 በመቶ በላይ ቀነሰ። ማለትም ሰውየው «ቀነሰልኝ» ያለው ለይሉኝታ አይደለም፤ አንጎሉም መስክሮለታል።

4. ልብ በሉ!

መነጽሩ ቁስል አያድንም። መድኃኒትንም አይተካም፤ ከመድኃኒት ጋር ነው የሚሰጠው። አንዳንድ ሰው ሲያጠልቀው ያቅለሸልሸዋል። ግን እየተስፋፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለቆየ የወገብ ህመም የሚሆን አንድ ዓይነት ፈቅዷል።

5. እኛስ ጋ?

በአገራችን የተቃጠሉ ሰዎችን በማከም የሚታወቀው አዲስ አበባ ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል ነው። በየቤታችን ደግሞ እሳት አለ፣ ምጣድ አለ፣ የፈላ ጀበና አለ፣ በዚያው ዙሪያ የሚድሁ ሕፃናት አሉ። መነጽሩ ውድ ነው፣ መብራትም ይፈልጋል። ስለዚህ እስኪመጣ ቁጭ ብለን እንጠብቅ? እኔ አይመስለኝም። ህመምን የቀነሰው ፕላስቲኩ ሳይሆን የልጁ ልብ ሌላ ቦታ መሄዱ ነው።

የአራት ዓመቱ ወንድሜ የፈላ ሻይ ጭኑ ላይ ፈስሶበት ጤና ጣቢያ ተመላልሷል። ፋሻው ይጣበቃል፣ ሲስተር በውኃ እያራሰች ታላቅቀዋለች፣ እሱ ደግሞ ገና በሩን ሲያይ ማልቀስ ይጀምራል። አንድ ቀን እናቴ አቅፋው እኔ ጆሮው ሥር ሆኜ ሳኔቲ ወሰድኩት። «ቀይ ቀበሮው ፍልፈሉን ሊይዝ ጉድጓዱ አፍ ላይ አድፍጧል። ዝም በል፣ እንዳይሰማን። ፍልፈሉ አንገቱን ስንት ጊዜ አወጣ? ቁጠር!» እያልኩ። ቆጠረ። መሀል ላይ አለቀሰ፣ አላለቀሰም አልልም። ግን «ከዚያስ ቀበሮው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሲስተርም ከሌላው ቀን ቶሎ ጨረሰች። ከዚያ በኋላ ወደዚያ ስንሄድ «ቀበሮውን ትነግሪኛለሽ?» ነበር የሚለው።

የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ክትባት ህመም ምክር አውጥቷል። ባለሙያው ይረጋጋ፣ ሕፃኑን ወላጅ ይያዘው፣ ትንንሽ ልጆችን በወሬ ወይም በመጫወቻ ልባቸውን መውሰድ ይረዳል፣ በውሸትም አታጽናኑ ይላል። እኛ ግን ምን እንላለን? «ምንም አያምም!» እንላለን። ልጁ ሲወጋ ያመዋል፣ በሚቀጥለው ማንንም አያምንም። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ማለትም በሩን አያጠብበውም።

ስለዚህ ሐሳብ አለኝ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለሴት ልጆች የሚሰጠው የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት በትምህርት ቤት ነው የሚሰጠው። ሰልፉ ላይ የፊተኛዋ ስትጮህ የኋለኞቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ ወንዶቹም በመስኮት ይስቃሉ። በሚቀጥለው የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባላት ከሰልፉ አጠገብ እንቁም። የሚከተበው ክፍል ከሰልፉ እንዳይታይ መምህራን ይርዱን። እያንዳንዷ ልጅ የምትመርጣት አንዲት ጓደኛ አብራት ትግባ፣ ወሬም ታውራላት። ወጪው ዜሮ ብር ነው።

ቤት ውስጥ የታመመ ሕፃን ያላችሁ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ጥሩ ተረት አዘጋጁ። ህፃኑ የሚቆጥረው ወይም የሚመልሰው ነገር ይኑርበት፤ ዝም ብሎ የሚሰማው ብቻ ከሆነ ልቡ ቶሎ ይመለሳል። ተረታችሁን ጽፋችሁ ክበባችን ሳጥን ውስጥ ክተቱ፤ ጥሩ ጥሩዎቹን በሚቀጥለው እትም እናወጣቸዋለን።