በበይነ መረብ የተሸጡ ቴምብሮችና የድሮ ገንዘቦች በመንገድ ሲጠፉ ወይም ሲሰረቁ ሻጩ ማወቅ የሚገባው

ቴምብር፣ ጠገራ ብር፣ የድሮ የወረቀት ገንዘብ፣ ፖስት ካርድና የመሳሰሉትን የስብስብ ዕቃዎች በቴሌግራም ገበያዎችና በዓለም አቀፍ የበይነ መረብ መገበያያዎች የሚሸጡ ዜጎች ዕቃውን ለገዢው የሚያደርሱት በፖስታ፣ በመልእክት አድራሽ ድርጅት ወይም በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ነው። ዕቃዎቹ ትናንሽ፣ ቀላልና ውድ በመሆናቸው ለመጥፋትም ሆነ ለመሰረቅ የተጋለጡ ናቸው። ከቤተሰብ የተወረሰ የቴምብር ስብስብ አንድ ጊዜ ከጠፋ ምትክ አይገኝለትም፤ ለባለቤቱ የሚቀርለት ካሣ ብቻ ነው። ካሣ ማግኘቱና የካሣው መጠን ደግሞ በአብዛኛው የሚወሰነው ጥቅሉ ከጠፋ በኋላ በሚቀርበው አቤቱታ ሳይሆን፣ ጥቅሉ ከመላኩ በፊት በተመረጠው አገልግሎትና በተያዘው ማስረጃ ነው። ይህ ጽሑፍ ሻጮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦችን ያብራራል።

የችግሩን ዓይነት መለየት

“ዕቃው አልደረሰኝም” የሚለው የገዢው መልእክት አራት የተለያዩ ሁኔታዎችን ሊያመለክት ይችላል። የመጀመሪያው መዘግየት ነው፤ ጥቅሉ በጉምሩክ ፍተሻ ላይ ሊሆን ወይም በፖስታ ቤት ተቀምጦ ተቀባዩን እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ጥቅሉ ሙሉ በሙሉ መጥፋቱ ነው። ሦስተኛው ጥቅሉ ደርሶ፣ ነገር ግን ተከፍቶ ይዘቱ በሙሉ ወይም በከፊል መወሰዱ ነው። አራተኛው ጥቅሉ በትክክል ደርሶ ገዢው መቀበሉን መካዱ ነው። የመጀመሪያው በክትትል፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ለአጓጓዡ በሚቀርብ የፍለጋና የካሣ ጥያቄ፣ አራተኛው ደግሞ በርክክብ ማስረጃ ይፈታሉ። የችግሩን ዓይነት ሳይለዩ ለገዢው ገንዘብ መመለስም ሆነ ገዢውን በማታለል መክሰስ ተገቢ አይደለም።

ትክክለኛውን የፖስታ አገልግሎት መምረጥ

የኢትዮጵያ የፖስታ አገልግሎት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1886 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ አገሪቱ ከ1901 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ናት። በዚህም ምክንያት ከኢትዮጵያ ወደ ውጭ አገር በፖስታ የሚላክ ጥቅል የሚመራው በኅብረቱ ስምምነት ነው። በስምምነቱ መሠረት የፖስታ አገልግሎቶች የሚሰጡት ዋስትና እኩል አይደለም።

መደበኛ ደብዳቤ ሳይመዘገብ የሚጓዝ በመሆኑ ቢጠፋ ካሣ አይጠየቅበትም። የአደራ (ሪኮማንዴ) ደብዳቤና ጥቅል ተመዝግበው የሚጓዙ በመሆናቸው ፍለጋ ሊካሄድባቸውና ካሣ ሊጠየቅባቸው ይችላል፤ ሆኖም ካሣው ጣሪያ ያለው ሲሆን፣ በተለይ የጥቅል ካሣ ከክብደት ጋር የተያያዘ ነው። አንድ ግራም እንኳ የማይመዝን ቴምብር ዋጋው የቱንም ያህል ከፍ ቢል በክብደት ሲሰላ የሚያስገኘው ካሣ እጅግ አነስተኛ እንደሚሆን ግልጽ ነው። የዕቃውን እውነተኛ ዋጋ መሠረት ያደረገ ካሣ የሚጠየቀው ዋጋው ተገልጾ ዋስትና በተገባለት መልእክት ነው። አገልግሎቱ ወደሚላክበት አገር መኖሩንና ከፍተኛ የዋስትና መጠኑን ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት በፖስታ ቤቱ መስኮት መጠየቅ ያስፈልጋል።

የተመዘገበ ዓለም አቀፍ መልእክት መለያ ቁጥር 13 ምልክቶች አሉት፤ ሁለት የላቲን ፊደላት፣ ዘጠኝ አኃዞችና የላኪውን አገር የሚያመለክቱ ሁለት ፊደላት ናቸው። የመጀመሪያው ፊደል የአገልግሎቱን ዓይነት ያሳያል፦ “አር” የአደራ ደብዳቤን፣ “ቪ” ዋስትና ያለውን መልእክት፣ “ሲ” ጥቅልን፣ “ኢ” ደግሞ ፈጣን መልእክትን ያመለክታሉ። ላኪው ከመስኮቱ ከመነሣቱ በፊት ይህንን ፊደል ተመልክቶ የከፈለበት አገልግሎት በትክክል መመዝገቡን ማረጋገጥ ይችላል።

ሳንቲም የሚሸጡ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ክልከላ ማወቅ አለባቸው። በኅብረቱ ስምምነት መሠረት ሳንቲም፣ የወረቀት ገንዘብ፣ ወርቅና ብር ዋስትና በሌለው ደብዳቤ ውስጥ ማስገባት በመርሕ ደረጃ የተከለከለ ነው። ስለሆነም 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበትን የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር በአደራ ደብዳቤ ውስጥ ሸሽጎ የላከ ሻጭ፣ ደብዳቤው ቢጠፋ ካሣ የመጠየቅ መብቱን ሊያጣ ይችላል፤ የተከለከለ ይዘት ላለው መልእክት ፖስታ ቤት ኃላፊነት የለበትምና።

ከመላኩ በፊት ሊፈጸሙ የሚገባቸው ተግባራት

1. ዕቃውን ፊትና ጀርባውን፣ ልዩ ምልክቶቹንና ጉድለቶቹን በሚያሳይ መልኩ ፎቶግራፍ ማንሣት፤ የማሸጉን ሂደትም እንዲሁ መቅረጽ።
2. የሽያጩን ስምምነት፣ ዋጋውን፣ የገዢውን ሙሉ አድራሻና ክፍያ የተፈጸመበትን የባንክ ወይም የቴሌብር ማረጋገጫ ማስቀመጥ።
3. በመንገድ የሚደርስ ጉዳት የማን ኃላፊነት እንደሆነ ከገዢው ጋር አስቀድሞ በጽሑፍ መስማማት።
4. በጥቅሉ ላይ ይዘቱን የሚጠቁም ጽሑፍ፣ ለምሳሌ “ብርቅዬ ቴምብር” የሚል፣ አለማስፈር፤ በጉምሩክ መግለጫ ቅጹ ላይ ግን ይዘቱንና ዋጋውን በትክክል መሙላት።
5. ጥቅሉ በመስኮቱ ሲመዘን ክብደቱ በደረሰኙ ላይ መስፈሩን ማየት። ጥቅሉ ሲደርስ ክብደቱ ቀንሶ ከተገኘ በመንገድ መከፈቱን የሚያመለክት ጠንካራ ማስረጃ ነው።

አንዳንድ ሻጮች ገዢውን ከቀረጥ ለማዳን ሲሉ በቅጹ ላይ “ስጦታ” ብለው ይጽፋሉ ወይም ዋጋውን ዝቅ ያደርጋሉ። ይህ የጉምሩክ ሕግ የሚጣስበት ድርጊት ከመሆኑም በላይ ሻጩን በራሱ ላይ ማስረጃ እንዲሰጥ ያደርገዋል፤ በመቶ ብር የተገለጸ ዕቃ ሲጠፋ የአሥር ሺህ ብር ካሣ መጠየቅ አይቻልም። በተቃራኒው፣ ዋጋን በማጭበርበር ከእውነተኛው በላይ ማስመዝገብም ካሣን ያሳጣል።

በአገር ውስጥ በአውቶቡስና በሞተረኛ ስለሚላኩ ዕቃዎች

በከተማ ውስጥ በሞተረኛ፣ ወደ ክልል ከተሞች ደግሞ ከመናኸሪያ በአውቶቡስ ሾፌር ወይም ረዳት እጅ ዕቃ መላክ የተለመደ ነው። ይህ አሠራር ፈጣን ቢሆንም፣ ብዙውን ጊዜ ደረሰኝ ስለማይሰጥበት ዕቃው ሲጠፋ መረከቡን የሚያምን አካል አይገኝም። ዋጋ ያለው ዕቃ በዚህ መንገድ የሚላክ ከሆነ ቢያንስ የተረካቢው ስምና ስልክ ቁጥር፣ የተሽከርካሪው ሰሌዳ ቁጥር፣ የመነሻ ቀንና ሰዓት እንዲሁም ዕቃውን መረከቡን የሚገልጽ አጭር የጽሑፍ መልእክት ሊያዝ ይገባል። በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 የኤሌክትሮኒክ መልእክቶች ሕጋዊ ዕውቅና ስላላቸው፣ በስልክ የተለዋወጡት መልእክት እንዳይጠፋ መጠበቅ ጠቃሚ ነው።

ጥቅሉ ካልደረሰ ወይም ተከፍቶ ከደረሰ

በመጀመሪያ የመከታተያ ቁጥሩን ተጠቅሞ ጥቅሉ መጨረሻ የታየበትን ቦታ ማወቅና ገዢው በአካባቢው ፖስታ ቤት እንዲጠይቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህ ውጤት ካላስገኘ ላኪው ደረሰኙን ይዞ ዕቃውን በላከበት ፖስታ ቤት የፍለጋ ጥያቄ ያቀርባል። በዓለም ፖስታ ኅብረት ስምምነት ጥያቄው የሚቀርበው መልእክቱ ከተላከበት ዕለት ማግስት ጀምሮ ባለው የስድስት ወር ጊዜ ውስጥ ነው። ፈጣን መልእክትና የግል መልእክት አድራሾች በራሳቸው ውል ስለሚመሩ ጊዜው ከዚህ ሊያጥር ይችላል። ገዢው “ትንሽ እንጠብቅ” ስላለ ብቻ ቀነ ገደቡን ማሳለፍ መብትን ያሳጣል።

መልእክቱ ሲጠፋ ካሣ የመጠየቅ መብት በመርሕ ደረጃ የላኪው ነው፤ ላኪው ግን መብቱን ለተቀባዩ ሊያስተላልፍ ይችላል። ተከፍቶና ይዘቱ ተወስዶ የደረሰ ጥቅል ከሆነ ተቀባዩም ሊጠይቅ ይችላል። በዚህ ጊዜ ገዢው ጥቅሉን ያለ አንዳች ቅሬታ ፈርሞ መረከብ የለበትም፤ መከፈቱን እዚያው በጽሑፍ ማስመዝገብ፣ መጠቅለያውንም ሳይጥል ማቆየት ይኖርበታል። ሻጩ ይህንን ለገዢው አስቀድሞ ማሳወቁ ይጠቅመዋል።

የስርቆት ምልክት ካለ ጉዳዩን በአቅራቢያው ለሚገኝ ፖሊስ ጣቢያ ማመልከት ይገባል። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ስርቆት፣ እምነት ማጉደልና ማታለል እያንዳንዳቸው የሚያስቀጡ ወንጀሎች ናቸው። በአቤቱታው ላይ የዕቃው ፎቶግራፍና ልዩ ምልክቶች ቢያያዙ፣ የተሰረቀው ዕቃ በሌላ ገበያ ለሽያጭ ሲቀርብ ለመለየት ያስችላል።

ቅርስን ስለመሸጥ

የብራና መጻሕፍት፣ ጥንታዊ መስቀሎችና ሌሎች ቅርሶች በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የተጠበቁ ናቸው፤ ለሽያጭ ወደ ውጭ አገር ሊላኩም አይችሉም። ዕቃው በቅርስነት የሚፈረጅ ስለመሆኑ ጥርጣሬ ያለው ሰው ከመሸጡ በፊት ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን አቅርቦ ማረጋገጥ አለበት። እንዲህ ያለ ዕቃ በጉምሩክ ሲያዝ “ጠፋ” ተብሎ ካሣ አይጠየቅበትም፤ ላኪውንም በሕግ ያስጠይቃል።

በአጠቃላይ፣ የስብስብ ዕቃ የሚሸጥ ማንኛውም ሰው ዕቃውን ለአጓጓዥ ከማስረከቡ በፊት “ይህ ጥቅል ቢጠፋ መላኩን፣ ይዘቱንና ዋጋውን በምን አስረዳለሁ?” ብሎ ራሱን ሊጠይቅ ይገባል። ለሦስቱም ጥያቄዎች መልስ የሚሰጥ ሰነድ ያልያዘ ሻጭ፣ የላቀ ዋስትና ወዳለው አገልግሎት እስኪዛወር ወይም ማስረጃውን እስኪያሟላ ድረስ ዕቃውን በእጁ ቢያቆይ ይመረጣል። ደረሰኞችና መልእክቶች ደግሞ ገዢው ዕቃውን መቀበሉን በጽሑፍ ካረጋገጠና የአቤቱታ ማቅረቢያ ጊዜው ካለፈ በኋላ ካልሆነ በስተቀር መወገድ የለባቸውም።