የይጁቤ ገበያና የቀድሞው ኑሮ ትዝታ

ይጁቤ ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፥ ወደ ዓባይ በረሓ በሚያወርደው አቅጣጫ የምትገኝ ከተማ ናት። ዛሬ በምሥራቅ ጎጃም የባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ በቀድሞው ዘመን ግን ስሟ የገነነው በገበያዋ ነበር። ነጋዴዎች «የባሶ ገበያ» እያሉ ይጠሩት የነበረው ሥፍራ ይኸው ነው። የአገሩ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ስለ ዱሮው ኑሮ ሲጫወቱ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ወደ ገበያ፥ ወደ ጓዳና ወደ አውድማ ይመለሳል። እንዲህ ያለው ትዝታ የአንድን አገር አኗኗር ለማወቅ ብዙ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ትዝታ የሚያቆየው እንዳለ ሁሉ የሚያስረሳውም ስላለ፥ ሁለቱንም ለይቶ መመልከት ተገቢ ነው።

፩. ገበያው ስለምን በዚህ ሥፍራ ቆመ?

ለገበያው መቆም ዋናው ምክንያት ዓባይ ነው። ከወንዙ ማዶ ጉድሩ፥ ከዚያም ወዲያ የጊቤ አገሮች አሉ፤ ከነዚያ አገሮች ቡና፥ ዝባድ፥ ወርቅ፥ የዝሆን ጥርስና ኮረሪማ ይመጣ ነበር። ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨው፥ አቡጀዲ፥ ዶቃና መዳብ ይወርዳል። ክረምት በገባ ጊዜ ዓባይ ስለሚሞላ መሻገሪያው ይዘጋል፤ በጋ ሲሆን ነጋዴው ከፊሉ በመልካው በእግሩ፥ ከፊሉም በተነፋ ስልቻ ላይ ተንሳፎ አዞውን እየፈራ ይሻገራል። እንግዲህ ከበረሓው ወጥቶ ደጋ የደረሰ ሰው የሚያርፍበት፥ ወደ በረሓውም የሚወርድ ሰው ስንቁን የሚያሰናዳበት ቦታ ስላስፈለገ፥ ባሶ የሁለት ዓለም መገናኛ ሆነ።

እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቢክ በ1834 ዓ.ም. በባሶ አገር ያውሽ በሚባል መንደር ተቀምጦ የገበያውን ሁኔታ ጽፏል። ቡናው ከእናርያ መጥቶ በባሶ በኩል ወደ ጎንደር፥ ከጎንደርም ወደ ምጽዋ ይጓዝ እንደ ነበረ ከዘመኑ ጽሑፎች ይታወቃል። የሚያስደንቀው ግን በዚያ ዘመን የደጋው ክርስቲያን ራሱ ቡና የማይጠጣ መሆኑ ነው፤ ቡና መጠጣት የእስላምና የኦሮሞ ልማድ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበርና። ይህ አስተያየት የተለወጠው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። ዛሬ «ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው» የሚባለው የቡና ሥርዓት በብዙ የጎጃም ቤት ከዚያ ወዲህ የገባ ነው።

፪. አሞሌና ጠገራ ብር

በገበያው ትንሹ መገበያያ አሞሌ፥ ትልቁ ደግሞ ጠገራ ብር ነበር። አሞሌ በአፋር ቆላ ከጨው ሜዳ ተጠርቦ በግመልና በአጋሰስ እየተጫነ የሚመጣ የጨው ጡብ ነው፤ ከመነሻው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። የተሰበረ እንደሆነ ዋጋው ስለሚቀንስ በልጥ እየታሰረ ይያዛል፤ እርጥበትም ስለሚያሟሟው በክረምት ብዙ ጥንቃቄ ያሻዋል። በዚህ ምክንያት የሀብታሙ ገንዘብ በዝናብ የሚቀልጥ፥ ሲቸግርም ወጥ ውስጥ የሚገባ ነበር። «አንተ ጨው፥ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» የሚለው ተረት ጨው ገንዘብ በነበረበት አገር ሲነገር ከዛሬው የበለጠ ክብደት እንደ ነበረው መገመት አያዳግትም።

ጠገራው ብር የኦስትርያይቱ ንግሥት የማርያ ተሬዛ መልክ ያለበት፥ 1780 የሚል የአውሮፓ ዓመት የተቀረጸበት ነው። ሻጩ ብሩን ሲቀበል በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ይቆጥራል፤ የተፋቀና የጎደለ የተገኘበት እንደሆነ ይመልሳል። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር በሥራ ላይ በዋለ ጊዜ የጠገራው ዘመን ማብቃት ጀመረ፤ ብዙው ጠገራም ቀልጦ የአንገት መስቀልና አምባር ሆነ።

፫. ጓዳና አውድማ

በቤት ውስጥ የቀኑ ሥራ የሚጀምረው ዶሮ ሲጮኽ በወፍጮ ድምፅ ነበር። እሳት ማታ በአመድ ይዳፈናል፤ በጧት ጠፍቶ የተገኘ እንደሆነ ልጅ ገል ይዞ ወደ ጎረቤት ፍም ሊጭር ይላካል። ክብሪት በየቤቱ ሳይገባ ከጎረቤት ጋር መጣላት ማለት እሳት ማጣት ማለት ነበርና፥ የመንደር ሰላም በከፊል በዚህ ይጠበቅ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ልብሱም እንደዚሁ የቤት ሥራ ነው። ጥጡ ከቆላ ይመጣል፤ ሴቶች አባዝተው በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ሸማኔው ጋቢና ነጠላ አድርጎ ይሠራዋል።

በእርሻ በኩል ሽማግሌዎች አዘውትረው የሚያነሡት ደቦንና ወንፈልን ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። በደቦ ጊዜ ባለ ጉዳዩ ጠላውን ጠምቆ፥ እንጀራውን ጋግሮ ጎረቤቱን ይጠራል፤ የመጣውም በቀረርቶና በዘፈን አጭዶ፥ በልቶ ጠጥቶ ይመለሳል። ወንፈል ግን የቀን ብድር ነው፤ ዛሬ በአንዱ ማሳ የዋለ ሰው ነገ በእርሱ ማሳ ይዋልለታል። ስለዚህ ጎተራው የሞላ ሰው ደቦ ይጠራል፤ ጉልበት እንጂ ጠላ የሌለው በወንፈል ይሠራል። ከዚህ ሌላ በየወሩ ጽዋው የሚዞረው ማኅበርና በሰንበት በቤተ ክርስቲያን የሚሰበሰበው ሰንበቴ የችግረኛው መጠጊያ ነበሩ።

፬. ትዝታ የሚያስረሳው

ይህን ሁሉ የሚያስታውስ ሰው «ደግ ዘመን ነበር» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ሦስት ነገሮች ሊዘነጉ አይገባም።

አንደኛው የሴቶች ድካም ነው። የወፍጮው ድምፅ ተኝቶ ለሚሰማው ልጅ ጣፋጭ ትዝታ ነው፤ ለፈጪይቱ ግን የክንድና የወገብ ሕመም ነበር። በሞተር የሚሠራ ወፍጮ በከተማ ሲተከል ብዙዎቹ እናቶች የድንጋዩን ወፍጮ ናፍቀው አላለቀሱም።

ሁለተኛው ርኃብ ነው። በ1881 ዓ.ም. የአፄ ዮሐንስ ጦር ጎጃምን አጠፋ፤ በዚያው ሰሞን የከብት እልቂት መጣ፤ «ክፉ ቀን» የተባለው ርኃብም እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ሰውን ፈጀ። በሬ ባለቀበት አገር ደቦም ወንፈልም አላዳነም።

ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ በዝምታ የሚታለፈው፥ በባሶ ገበያ ከቡናና ከዝባዱ ጋር ሰውም ይሸጥ የነበረ መሆኑ ነው። ከዓባይ ማዶ ተይዘው ከሚመጡት ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ፤ ቤተሰባቸውን ዳግመኛ አላዩም፤ ስማቸውም ተለውጧል። የባሪያ ንግድና ባርነትን ለማጥፋት በ1916 ዓ.ም.፥ ኋላም በ1934 ዓ.ም. አዋጅ ወጥቷል። ነጋዴው ያተረፈውን ብር የሚያስታውስ ትዝታ፥ የተሸጠውንም ልጅ ካላስታወሰ ግማሽ ታሪክ ነው።

፭. የገበያው መዳከም

ባሶ የደኸየው በአንድ ቀን አይደለም። በ1874 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በእምባቦ ጦርነት በንጉሥ ምኒልክ ድል በሆኑ ጊዜ፥ ከዓባይ ማዶ ያለው አገርና ንግዱ በሸዋ እጅ ገባ። ቀጥሎም አዲስ አበባ ተቆረቆረች፤ ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ወዲህ የጊቤ ቡና ዓባይን ተሻግሮ ወደ ምጽዋ የሚሄድበት ምክንያት ጠፋ፤ የታላቁ ንግድ መተላለፊያ የነበረው ገበያም የአካባቢው ሰው ጤፉንና በጉን የሚሸጥበት ገበያ ሆነ። ዛሬ በሕይወት ያሉት አረጋውያን በዓይናቸው ያዩት ይህንኑ ሁለተኛውን ገበያ ነው፤ የመጀመሪያውን የሚያውቁት ከአያቶቻቸው በሰሙት ነው።

ስለዚህ የይጁቤ ትዝታ ሁለት ንብርብር አለው፤ አንዱ የታየ፥ አንዱ የተወረሰ ነው። የተወረሰው በጽሑፍ ካለው ማስረጃ ጋር ሊመዛዘን ይችላል። የታየው ግን፥ ይኸውም የገሉ ፍም፥ የወንፈሉ ቆጠራና የወፍጮው ድካም፥ በአብዛኛው በመጽሐፍ አልገባም። የወፍጮውን ድምፅ ብቻ ሳይሆን የፈጪይቱንም ቃል ጠይቆ መጻፍ የሚቻለው ባለቤቶቹ በሕይወት ሳሉ ነው።