ሁለተኛ የወጣው ጎረቤታችን

ማራቶን ሲነሳ እኛ አበበ ቢቂላን፣ ማሞ ወልዴን እንጠራለን፤ ያኮራናልም። ግን የተጠለልንባት ጅቡቲም የራሷ ጀግና እንዳላት ስንቶቻችን እናውቃለን? ሁሴን አህመድ ሳላህ ይባላል። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1956 በአሊ ሳቢህ ነው። አሊ አዴ መጠለያ ያላችሁ ቤተሰቦች በደንብ የምታውቋት ያቺው ከተማ ናት።

ጅቡቲ ከተማ ለምንኖረው ሙቀቱን ማውራት አያስፈልገንም። በሐምሌ 40 ዲግሪ አልፎ ሰው ሁሉ ጥላ ይፈልጋል። እዚህ አገር ሯጭ መሆን የፈለገ ፀሐይን መቅደም አለበት። ታዲያ ከዚህች ትንሽ አገር ምን ዓይነት ሯጭ ወጣ?

እ.ኤ.አ. በ1985 በጃፓን ሂሮሺማ የዓለም ማራቶን ዋንጫ ውድድር ተደረገ። አህመድ ሳላህ በ2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ9 ሴኮንድ አንደኛ ወጣ። የአገሩ ልጅ ጃማ ሮብሌ ሦስተኛ ሆነ፤ የቡድኑንም ድል ጅቡቲ ወሰደች። አገሪቱ ነፃ ከወጣች ገና ስምንት ዓመቷ ነበር። አህመድ በ1987 በሴኡል ድሉን ደገመው።

ከዚያ በኋላ ግን ከፊቱ ሰው አይጠፋም ነበር። በዚያው ዓመት በሮም የዓለም ሻምፒዮና በኬንያዊው ዳግላስ ዋኪሁሪ ተቀድሞ ሁለተኛ ሆነ። በሚያዝያ 1988 ደግሞ በሮተርዳም የሆነው ጉድ ነው። አህመድ 2 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ ገባ፤ ይህ እስከዚያ ቀን ከነበረው የዓለም ክብረ ወሰን በ5 ሴኮንድ ይሻላል። ምን ዋጋ አለው፣ የኛው በላይነህ ዴንሳሞ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ቀድሞት ገብቷል! አህመድ ክብረ ወሰን በሚያሰብር ሰዓት ሮጦ ሁለተኛ ወጣ። የበላይነህ ሰዓት እስከ 1998 ማንም ሳይነካው ቆየ።

በዚያው ዓመት የሴኡል ኦሎምፒክ መጣ። ኢትዮጵያ ውድድሩን ስለተወች በላይነህ አልሄደም። የሮጠበት ብቃት እያለው፣ ከእግሩ ውጪ በሆነ ነገር በር ተዘጋበት። ይህ ለእኛ ለስደተኞች እንግዳ ነገር አይደለም። አህመድ ግን ሄደ፤ ከጣሊያናዊው ጀሊንዶ ቦርዲን በ27 ሴኮንድ ብቻ ዘግይቶ ነሐስ አገኘ። እስከ ዛሬ ጅቡቲ ያላት የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ይኸው አንዱ ነው።

በ1991 በቶኪዮ እንደገና ብር አጠለቀ። በ1992 ባርሴሎና 30ኛ፣ በ1996 አትላንታ 42ኛ ወጣ። በአትላንታ 39 ዓመቱ ነበር። ያ አራተኛ ኦሎምፒኩ ነው፤ እንግዲህ ከ1984 እስከ 1996 መሮጡን አላቆመም።

ይህን ለምን አነሳን? መንደራችን ውስጥ በንጋት የሚሮጡ ልጆች አሉ። አንዳንድ ወላጆች «ሩጫ ምን ያበላል?» ይላሉ። አልተሳሳቱም፣ ኑሮው ከባድ ነው፤ ትምህርትም ይቅደም። ቢሆንም ስደተኛ ስለሆኑ ብቻ በሩ ዝግ ነው ማለት ግን ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ የመጀመሪያው የስደተኞች ቡድን በ10 ስፖርተኞች ተሰለፈ። ከነሱ አንዱ በሉክሰምበርግ በስደት የሚኖረው ኢትዮጵያዊው ዮናስ ኪንዴ ነበር። ታክሲ እየነዳ ይለማመድ ነበር። ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ከ8 ሴኮንድ ጨርሶ 90ኛ ወጣ። ዘጠናኛ! ግን የኦሎምፒክን መስመር ረግጧል።

ስለዚህ ልጃችሁ ከሩጫ ሲመለስ «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለታችሁ በፊት ውሃ ስጡት። ልጆች፣ እናንተም ፀሐይ ሳይበረታ ሩጡ፣ ብቻችሁን ሩቅ አትሂዱ፣ ትምህርት ቤት እንዳታረፍዱ። ሁለተኛ መውጣትም፣ ዘጠናኛ መውጣትም የሰው ልፋት ነው።