ያደረ ሩዝ በጃፓን ማጀት

በብዙ የጃፓን ቤቶች ሩዝ በልክ አይበስልም። ጥቂት ብቻ ሲጣድ ስለማያምር በዛ ተደርጎ ይጣዳል፤ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚተርፍ አለ።

የተረፈውን ፍሪጅ ማስገባት ሩዙን ማበላሸት ነው። ሲበስል ውሃ ጠጥቶ የለሰለሰው ስታርች ሲቀዘቅዝ መልሶ ይጠጥራል፤ ይህ ደግሞ የሚፈጥነው ከዜሮ ዲግሪ ጥቂት ከፍ ባለው የፍሪጅ ቅዝቃዜ ነው። ፍሪዘር ይሻላል። ሩዙ እንፋሎቱ ሳይወጣለት፣ ለአንድ ሰው የሚበቃ 150 ግራም ገደማ እየተዘገነ በስስ ላስቲክ ይጠቀለላል። እንፋሎቱ እዚያው ታፍኖ ስለሚቀር ኋላ ሲሞቅ ልስላሴው ይመለሳል። ደግሞ ጠፍጠፍ ማለት አለበት፤ ከተድቦለቦለ ማይክሮዌቭ ሲገባ ዳሩ እየፋጀ መሃሉ በረዶ እንደሆነ ይቆያል። ሌሊቱን ጠረጴዛ ላይ ማሳደር አይታሰብም፤ ፍላት የማይገድለው ባክቴሪያ አለ፣ መርዙም ቢያሞቁት አይጠፋም።

ደረቅ ያለው በዘይት ተጠብሶ ቻሃን ይሆናል፤ ፍሬው ስለማይጣበቅ ለዚህ ከትኩሱ ይመረጣል። እኔን የሚገርመኝ ግን ዞሱይ ነው። በብርድ ወራት ቤተሰቡ ድስቱን መሃል አስቀምጦ ዓሣውን፣ ዶሮውን፣ እንጉዳዩንና ጎመኑን እያወጣ በልቶ ሲያበቃ፣ ከሥር የሚቀረው መረቅ የሁሉንም ጣዕም ይዟል። ያደረው ሩዝ መረቁን እንዳያደፈርስ በወንፊት ውሃ ይፈስበትና ይጨመራል። ፈላ ሲል የተመታ እንቁላል ዙሪያውን በቀጭኑ ይንቆረቆርበታል፤ እሳቱ ጠፍቶ ይከደናል። እንቁላሉ ሳይጠነክር ተከፍቶ ባሮ ሽንኩርት ይነሰነስበታል። ሩዙ ሳይታጠብ ብዙ ከፈላ ወፈር ያለ ኦጂያ ይሆናል፤ በስያሜው ግን ሁሉም ቤት አይስማማም።

ጊዜ የሌለው ቻዙኬ ይበላል፦ ሩዝ፣ ጥብስ ሳልመን ወይም በጨው የቆየ የኡሜ ፍሬ፣ በላዩ ትኩስ አረንጓዴ ሻይ። ናጋታኒኤን የተባለው ኩባንያ በ1952 እ.ኤ.አ. ማጣፈጫውን በፓኬት መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ሙቅ ውሃም ይበቃል። በኪዮቶ እንግዳን ቻዙኬ ላቅርብ ማለት በል ተነስ ማለት ነው እየተባለ ይቀለዳል። «ኪዮ ኖ ቻዙኬ» በተባለው የራኩጎ (የጃፓን የመድረክ ትረካ) ቀልድ አንድ የኦሳካ ሰው ኪዮቶ አንድ ቤት ሄዶ ሳልበላማ አልሄድም ብሎ ይቀመጣል። የቤቱ እመቤት የቀረችውን ሩዝ ጠራርጋ ታቀርብለታለች። ይደገመኝ ለማለት አፍሮ ባዶውን ሳህን እያሳየ ከየት እንደተገዛ ሲጠይቃት፣ ባዶውን የሩዝ ማስቀመጫ አፍንጫው ሥር ደቅና ከዚህኛው ጋር ከአንድ ሱቅ ነው አለችው።