የደም ምርመራ ምስክርነት፦ የሾግረን ሕመም ጠቋሚዎች



ንግግሬን በአንድ ጥያቄ እጀምራለሁ። ዓይኗና አፏ ዘወትር የሚደርቅባት ሴት የደም ምርመራዋ «ምንም የለብሽም» ቢላት፣ ሐኪሟ ነገሩን በዚያው ሊዘጋው ይገባልን? የእኔ መልስ አይገባም የሚል ነው፤ ምክንያቴንም አስረዳለሁ።

ሕመሙ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1933 በዶክትሬት ጽሑፉ የ19 ሴቶችን ሁኔታ ከገለጸው ስዊድናዊ የዓይን ሐኪም ከሄንሪክ ሾግረን ነው። የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የገዛ አካሉን እንደ ባዕድ ቆጥሮ የእንባና የምራቅ ዕጢዎችን ያጠቃል። በዚህ ሂደት በደም ውስጥ ከሚታዩት አንቲቦዲዎች ዋነኛው ጸረ-ሮ ነው፤ ጸረ-ላ ይከተለዋል። «ሮ» እና «ላ» የሚሉት ስያሜዎች የተወሰዱት አንቲቦዲዎቹ ቀድመው ከተገኙባቸው ሕሙማን ስም ነው።

ጸረ-ሮ የሚገኘው ከ10 ሕሙማን በ6 ወይም በ7 ያህሉ ነው። ስለዚህ የቀሩት በዚህ ምርመራ ብቻ ቢዳኙ ሕመማቸው ሳይታወቅ ይቀራል። በአንጻሩ ሉፐስ ባለባቸው፣ አልፎ አልፎም በጤነኞች ደም ውስጥ ይታያል። ሩማቶይድ ፋክተር ደግሞ በብዙ ሌሎች ሕመሞችም ስለሚገኝ ምስክርነቱ ይበልጥ የላላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ዓለም አቀፍ የምደባ መስፈርት ይህን ሚዛን በቁጥር ያሳያል። የሚፈለገው ከ4 ነጥብ ያላነሰ ሲሆን ጸረ-ሮ የሚያስገኘው 3 ብቻ ነው። ከከንፈር ውስጠኛ ክፍል የሚወሰድ የምራቅ ዕጢ ናሙናም፣ የሚፈለገው የእብጠት ምልክት ከታየበት፣ እኩል 3 ነጥብ አለው። የእንባ ወይም የምራቅ መጠን ማነስ 1 ይጨምራል። ጸረ-ላ ግን ብቻውን ሲገኝ ትርጉሙ አነስተኛ በመሆኑ ነጥብ አልተሰጠውም። መስፈርቱ በዋናነት ለምርምር የተዘጋጀ ቢሆንም፣ ደሟ ጸረ-ሮ የሌለው ሕመምተኛ በናሙናው አማካይነት ልትታወቅ እንደምትችል ያስተምረናል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። በቅድሚያ የሚደረገው የኤኤንኤ ምርመራ ጸረ-ሮን ሊስተው ይችላል፤ ስለሆነም ጥርጣሬ ካለ ጸረ-ሮ ለብቻው ይታዘዝ።

ጠቋሚው መገኘቱም የራሱ ኃላፊነት አለው። ጸረ-ሮ በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ፣ ከ100 እርግዝናዎች በ1 ወይም በ2 ያህሉ የጽንሱን የልብ ምት ሥርዓት ይጎዳል፤ ስለዚህ ለመውለድ የምታስብ ሴት አስቀድማ ልታውቀው ይገባል። የሲ4 ፕሮቲን ማነስና የክራዮግሎቡሊን መገኘት ደግሞ ለሊምፎማ ይበልጥ የተጋለጡትን ስለሚጠቁሙ የቅርብ ክትትል ይሻሉ።

እንግዲህ የላቦራቶሪውን ወረቀት ከማንበባችሁ በፊት ሕመምተኛዋን አድምጡ፤ ካነበባችሁ በኋላም ዓይኗንና አፏን መልሳችሁ መርምሩ።